ታች የቀረችው ቱቦ፦ ፊዚክስ ለምትማሩ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

የምኖረው ሱሉልታ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የጎረቤት ልጆች ፊዚክስ እንዳስረዳቸው ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ቀመር ነው። ቀመሩን ማን አገኘው? ምን አይቶ? ሌሎችስ ለምን አላመኑትም? አንድም መስመር የለም። ይህ ያሳስበኛል። ዕድሜዬን የሠራሁት በውኃ ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ነው። ቀመር የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። "ይህን በምን አወቅን?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ሁልጊዜም ጥቂት ነበር፤ ማሽን ሲበላሽ የምንፈልገውም እሱን ነበር።

ስለዚህ ፊዚክስን ከነታሪኩ ተማሩ እላችኋለሁ። ስምና ዓመት ሸምድዱ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ግኝት እንዴት እንደታወቀ ፈልጉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያዬ ስለሆነ በማይክል ፋራዳይ ልጀምር። የአንጥረኛ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ገባ፤ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። ከፍተኛ ሒሳብ ግን አያውቅም ነበር። በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ ከሌላው ጋር የተያያዘው መርፌ ነቅነቅ አለና ተመለሰ። ባትሪውን ሲያላቅቅ እንደገና ነቅነቅ አለ። በመሃል፣ ኮረንቲው ሳይቋረጥ ሲፈስ፣ መርፌው ጸጥ። ብዙ ሰው ሲፈልግ የኖረው የማያቋርጥ ውጤት ነበር። ፋራዳይ ግን ያቺን የቅጽበት ንቅናቄ አልናቃትም። ኮረንቲ የሚፈጠረው ማግኔታዊው ኃይል ሲለዋወጥ ብቻ መሆኑን ከእሷ ተረዳ። ቆቃም ሆነ ሕዳሴ ግድብ ላይ ውኃው ተርባይኑን የሚያሽከረክረው ለዚሁ ነው፤ ማግኔቱ ቆሞ ከዋለ መብራት የለም።

ሒሳቡን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ ሠራው። ከእኩልታዎቹ አንድ ሞገድ ወጣ። ፍጥነቱ ሲሰላ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ፤ አስቀድሞ ከተለካው የብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ። ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው ማለት ነው! የፊዚክስ ሊቁ ሄይንሪክ ሄርትዝ ሌሎች እንዲህ ያሉ ሞገዶችን በቤተ ሙከራው ሲያሳይ 1880ዎቹ እያለቁ ነበር፤ ማክስዌል በ1879 ሞቷል። ዛሬ በስልካችሁ የምትይዙት ኔትወርክ ከዚያ ቤተ ሙከራ የጀመረ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። ኤክስሬይ በ1895፣ ራዲዮአክቲቪቲ በ1896፣ የማሪና የፒየር ኩሪ ራዲየም በ1898፣ የአንስታይን ሥራዎች በ1905፣ የራዘርፎርድ ኒውክሊየስ በ1911። እነዚህን መጽሐፋችሁ ስለሚነግራችሁ አልፋቸዋለሁ።

መጽሐፋችሁ የማይነግራችሁን የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ግን ላንሳ። ኤራስቶ ምፔምባ ይባላል፤ ታንዛኒያዊ ነው። በ1963 ተማሪ ሳለ አይስክሬም ሲሠሩ፣ ትኩስ እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከተተው ወተት ሳይፈላ ከገባው የጓደኛው ወተት በፊት በረዶ ሆነ። መምህሩን ቢጠይቅ ተሳስተሃል ተባለ። ቆየት ብሎ ዴኒስ ኦዝቦርን የተባለ የፊዚክስ ምሁር ትምህርት ቤታቸውን ሲጎበኝ ያንኑ ጥያቄ ደገመለት። ተማሪዎቹ ሳቁበት። ኦዝቦርን ግን ሄዶ አስሞከረው፤ በ1969 ሁለቱ አብረው ጽሑፍ አወጡ። ክስተቱ መቼ እንደሚታይና ለምን እንደሚሆን ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። በአገራችን "አጥብቆ ጠያቂ የናቱን ሞት ይረዳል" ይባላል። "ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚልም አለ። ፊዚክስ ክፍል ስትገቡ ሁለተኛውን ያዙ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ሙከራ ልምጣ። የጋሊሊዮ ተከታይ የነበረው ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ላይ ሲገለብጥ፣ ሜርኩሪው ሁሉ አልፈሰሰም። 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ምን ያዘው? "ተፈጥሮ ባዶ ቦታን ትጠላለች" ይል ነበር የጥንቱ ትምህርት። ቶሪቼሊ ግን የአየሩ ክብደት ነው አለ። ወጣቱ ብሌዝ ፓስካል ደግሞ ነገሩ የሚለይበትን መንገድ አሰበ። አየር ከሆነ የያዘው፣ ተራራ ላይ አየሩ ስለሚቀንስ ሜርኩሪው መውረድ አለበት። ተፈጥሮ ባዶነትን ሜዳ ላይ አብዝታ ተራራ ላይ አሳንሳ ትጠላለች የሚል ሰው መቼም አይኖርም።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 የእህቱ ባል ፔሪዬ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወረደ። ሰዎች የሚያስታውሱት ተራራውን መውጣቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ታች የቀረችው ቱቦ ናት። ፔሪዬ ሌላ ቱቦ በገዳም ግቢ ትቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቃት አደረገ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ታች የሚጠብቅ ባይኖር ኖሮ፣ ሜርኩሪው የወረደው የዕለቱ አየር ስለተለወጠ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም ነበር።

የእኛ አገር ከፍታ ለዚህ የተመቸ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያ ሜርኩሪ የሚቆመው 58 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ዲግሪ ይፈላል። እዚህ ሽንብራ ቶሎ የማይበስለው እንጨቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

እናንተም ሞክሩት። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ አትንኩት፤ ብዙ ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው። መለኪያ ያላቸው ሁለት ስልኮች ፈልጉ። መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና የንባባቸውን ልዩነት ጻፉ። ከዚያ አንዳችሁ እዚያው ቅሩ፤ ሌላችሁ በእግር ወደ እንጦጦ ማርያም ውጡ። በየሩብ ሰዓቱ ሁለታችሁም ቁጥሩን መዝግቡ። በየ100 ሜትሩ ከ8 እስከ 9 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ሊቀንስ ይገባል። የታችኛው ስልክም ቢሆን ዝም ብሎ አይውልም። በእኛ አካባቢ የአየር ግፊት ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና ከሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጥቂት ሄክቶፓስካል ይወርዳል። የወጣው ልጅ ቁጥር ላይ ይህ ተደባልቆ ስለሚገኝ፣ የታችኛው ስልክ የወረደውን ያህል ከላይኛው ቅናሽ ላይ ቀንሱለት። የቀረው የተራራው ነው።