አትያዢው፣ ሩቅም አትውሰጂው

«ግቢያችን እባብ ገብቶ የእንጨት ክምር ስር ተሸሸገ። ልጆቹ ፈርተዋል፤ እኔ ግን እንዲገደል አልፈልግም። በምን ልያዘው? ሩቅ ጫካ ወስጄ ብለቀውስ?» ላልሽው እህቴ። ለመግደል አለመቸኮልሽ ደስ ብሎኛል። ለሁለቱም ጥያቄ ግን መልሴ «ይቅርብሽ» ነው።

ከሰው ቤት እባብ ማውጣት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ አካባቢ እኔም እንዳንቺ ነበር የማስበው። አንዴ ከጓዳ ያወጣሁትን ትልቅ እባብ በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወስጄ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ለቀቅኩት። ፎቶም ተነሣሁ፤ ጀግና ነኛ! ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እባብ የራሱ ሰፈር አለው። ውኃው የት እንዳለ፣ አይጥ በየት እንደምትመላለስ፣ ብርድ ሲመጣ የትኛው ጎሬ እንደሚያስጠልል ያውቃል። የሬዲዮ ምልክት ሰጪ ተገጥሞላቸው በተጠኑ እባቦች ላይ እንደታየው፣ ሩቅ የተወሰዱት ብዙ ጊዜ መጠለያ ፍለጋ ሲንከራተቱ ይከርማሉ፤ ከነባሮቹ ይልቅ የሚሞቱትም ብዙ ናቸው። ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሳየው ደስ አይለኝም።

አሁን የምለቀው እዚያው አቅራቢያ፣ ቁጥቋጦ ወይም የድንጋይ ክምር ያለበት ቦታ ነው። «ተመልሶ ቢመጣስ?» ይሉኛል። ሊመጣ ይችላል። ግን እሱ ባይመጣ ሌላው ይመጣል፤ የሚጠራው አይጡ ነዋ! የፈሰሰ እህል፣ የዶሮ መኖ፣ የተከመረ ኮተት ካለ አይጥ አለ። እሱን አጽጂ፤ የበርሽን ስር ክፍተትና የግድግዳውን ቀዳዳ ድፈኚ። ነጭ ሽንኩርት፣ ድኝ፣ ናፍጣ የሚሉሽን እርሺው፤ ሞክሬ አይቻለሁ።

መያዙን ደግሞ በቪዲዮ አይተሽ አትሞክሪው። መቆንጠጫ ብረት እንኳ ባልለመደ እጅ የእባቡን ጎድን ይሰብራል። «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ካልሆነ መርዝ የለውም» የሚባለውም ተረት ነው። ኮብራና ማምባ ጭንቅላታቸው ቀጠን ያለ ነው፤ መርዝ የሌላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ ሲፈሩ ጭንቅላታቸውን ጠፍጠፍ አድርገው እፉኝት ይመስላሉ። ስለዚህ እባቡን በደንብ ካላወቅሽው መርዛማ ነው ብለሽ ተነሺ።

ዘመድ ጎረቤት «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ማለቱ አይቀርም። በነገራችን ላይ ተረቱ ግማሽ እውነት አለው። የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት ከደቂቃዎች በኋላም፣ አንዳንዴ ከዚያም ቆይቶ፣ ሊነድፍ ይችላል። እኔ የማውቃቸው የተነደፉ ሰዎች አብዛኞቹ ግን በትር ይዘው የተጠጉት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፊያ ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ቀልድ አይደለም። ከነደፈ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ቶሎ ሆስፒታል። ማሰር፣ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ የለም። ዓይን ውስጥ መርዝ የሚተፋ ኮብራ ከሆነ በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ።

ወደ እንጨት ክምሩ ልመለስ። ዛሬ አትንኩት። ልጆቹና ውሻው ቤት ይግቡ፤ የግቢው በር ገርበብ ይበል። ካልረበሹት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሄዳል። ብቅ ካለ ሳትጠጊ ከሩቅ በዙም ፎቶ አንሺው፤ ለሚመጣው ባለሙያ በጣም ይጠቅመዋል። ቤት ውስጥ ከገባ ግን ክፍሉን ዝጊ፣ ከበሩ ስር ጨርቅ ወትፊ፣ የሠለጠነ ሰው ወይም የዱር እንስሳት ቢሮ ጋ ደውዪ። እኛን በጣም የሚያደክመን «ቅድም እዚህ ነበር» የምትለዋ ቃል ናት።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንጨቱን በቀን ብርሃን አንሡት። ቦት ጫማ አድርጉ፤ በረጅም ዘንግ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ። እጅ ወደማይታይ ቦታ አይገባም። መልሳችሁ ስትከምሩት ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከቤቱ ግድግዳም ራቅ ይበል።