የተቆረጠ ባህር ዛፍ ደን ነው ወይስ ባዶ መሬት?

ወንድሜ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ መውረጃ ያለው፣ ለደን ጥናት የምትለካው የናሙና ቦታህ ባህር ዛፉ ተቆርጦ ጉቶ ብቻ ሆኖ ስላገኘኸው «ደን ልበለው ወይስ ባዶ መሬት? ባለቤቱስ ማን ይባላል?» ብለሃል። ደን በለው። የመሬት ሽፋን (አሁን ላዩ ላይ የሚታየው) ሌላ፣ አጠቃቀም (መሬቱ የሚውልበት ነገር) ሌላ። በአገራችን ትርጉም ደን የሚባለው ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር የዛፍ ቁመትና 20 በመቶ የአክሊል ሽፋን (የዛፎቹ ቅርንጫፍና ቅጠል ከላይ ሲታይ የሚሸፍነው መሬት) ያለው፣ ወይም እዚያው ቦታ ላይ ወደፊት እዚህ ሊደርስ የሚችል ነው፤ የባህር ዛፍ ጉቶ ደግሞ ያቆጠቁጣል፣ ጎንበስ ብለህ እየው። ጉቶው ተነቅሎ ገብስ ከተዘራበት ወይም የቤት መሠረት ከተቆፈረበት ግን አጠቃቀሙ ተቀይሯል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባለቤትነቱ ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ሁሉንም «የመንግሥት» ማለት ልክ አይደለም፤ እዚህ የምንለየው የደኑን ባለቤት ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ይከፍለዋል። ገበሬው በይዞታው ላይ የተከለው የግል ነው። እኔ አንዴ እረኛ የነገረኝን ብቻ ይዤ ቅጹ ላይ «የግል» ብዬ ሞላሁ፣ ኋላ የማኅበር ሆኖ ተገኘ፣ ያን ሁሉ ዳገት ድጋሚ ወጣሁ። ቀበሌ ጠይቅ፣ የይዞታ ደብተርም ካለ እይ።

ደግሞ ከተማው እየሰፋ ስለሆነ ጂፒኤስ ይዘህ ስትገባ ሰው «መሬታችንን ሊወስዱ ነው» ብሎ ይሰጋል። መጀመሪያ ቁጭ ብለህ የመጣህበትን አስረዳ፣ ከዚያ ለካ።