ወፏ ዓሣ ይዛ ከቆመች መንገዱን ልቀቁላት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለፈው ጁን ዌልስ አጠገብ ወዳለችው ስኮመር ደሴት ሄጄ ፓፊን የሚባሉትን ጥቁርና ነጭ የባሕር ወፎች ፎቶ አንስቼ ነበር። ደረታቸው ዝም ብሎ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ የላባው መስመር እንኳ አይታይም። ሲበሩ ያነሳኋቸው ደግሞ አንዳቸውም አልጠሩም። ዘንድሮ ልመለስ ነው። ይበልጥ ልጠጋ ወይስ ትልቅ ሌንስ ልግዛ?

መልስ፦ አይጠጉም፣ አይገዙምም። መጀመሪያ የደረቱን ነገር እንጨርስ። ፓፊን ጀርባዋ ጥቁር ነው። ፍሬሙ ውስጥ ጥቁሩ ሲበዛ ካሜራው ሥዕሉ የጨለመ ይመስለውና ብርሃን ይጨምራል፤ ያኔ ነጩ ደረት ይቃጠላል። ስለዚህ ካሜራው ላይ ብርሃኑን ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ዝቅ ያድርጉት፣ ካሜራው ምንም ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው በሮው ፋይልም ያንሱ። የጨለመ ላባ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን ሄደ ማለት ነው። ሰማዩ ደመና ከሆነም አይዘኑ፣ ለጥቁርና ነጭ ወፍ ከደመና የተሻለ ብርሃን የለም።

በረራው ይከብዳል፣ እውነት ነው። ፓፊን አጭር ክንፏን በደቂቃ እስከ 400 ጊዜ እያርገበገበች በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ድረስ ትበራለች። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/2500 ሰከንድ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በላይ ግን የሚጠቅምዎ ነፋሱን ማወቅ ነው። የባሕር ወፍ ስትነሳም ስታርፍም ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፤ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ከቆሙ ፊት ለፊት ወደ እርስዎ ትመጣለች፣ ልታርፍ ስትልም ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ጭራ ሲያነሳ ይውላል።

መጠጋቱን በተመለከተ ግን ትንሽ ልቆጣ። ስኮመር ላይ ከ40 ሺህ በላይ ፓፊኖች ተቆጥረዋል፤ ጎጇቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ጉድጓዱም ከሣሩ ሥር ነው። ከመንገዱ አንድ እርምጃ ከወጡ ጣሪያውን አፍርሰው እንቁላሉን ወይም ጫጩቷን ሊደፈጥጡ ይችላሉ። አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው፤ በዓመት አንድ። ሌላም አለ። ወፏ ከባሕር ስትመለስ ምንቃሯ ላይ ቀጫጭን ዓሦች ደርድራ ነው የምትመጣው፤ ሁላችንም የምንመኘው ፎቶ ያ ነው። ግን ጉል የሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎች ዓሣውን ሊነጥቋት ከኋላዋ ይከተሏታል። እሷ የምትተማመነው በፍጥነቷ ነው፤ አርፋ፣ ሮጣ፣ ጉድጓዷ ውስጥ ግብት። እርስዎ በእሷና በጉድጓዷ መካከል ከቆሙ መንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃለች፣ ቆማ በጠበቀች ቁጥርም የልጇ ምሳ ሊነጠቅ ነው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን አድርጌያለሁ። ዓሣ የያዘች ፓፊን ሁለት ሜትር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እኔ ደስ ብሎኝ ሹተሩን እጫናለሁ፣ ለካ መንገድ ዘግቼባት ነው። ፎቶው እስካሁን አለኝ፣ ለማንም ግን አላሳይም። ስለዚህ ዓሣ ይዛ ቆማ ካዩ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ። ከዚያ መንገዱ ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ሌንሱን በዓይኗ ከፍታ ያድርጉት፣ ይጠብቁ። ትመጣለች። አንዳንዴ በጫማዎ አጠገብ ነው የምታልፈው፤ ያኔ ትልቁ ሌንስ እንዲያውም ያስቸግርዎታል።

ጥያቄ፦ እዚያው ደሴት ላይ አድሬ ማታ የሚመጡትን ሺርዋተር የሚባሉ የባሕር ወፎች ላያቸው ነው። ጓደኛዬ ያለ ፍላሽ አይነሱም ይላል።

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፤ ለዚህም ነው ባታነሳቸው የምመክርህ። ማንክስ ሺርዋተር እግሯ ወደ ኋላ የገባ ስለሆነ መሬት ላይ በቅጡ መራመድ አትችልም፤ በደረቷ ትሳባለች። ቀን ብትመጣ ጉሎቹ ይበሏታል። ስለዚህ ጨለማን ትጠብቃለች፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ደግሞ በብዛት ትወጣለች። ፍላሽህ ዓይኗን ያደነዝዘዋል፣ ጠላትም ያሳያታል። ቀይ መብራት ያዝ፣ እሱንም ወደ መሬት አድርገው፣ እግርህን ስታነሳ ወፍ አለመርገጥህን እይ። ይልቅ ድምፁን ቅዳ። 350 ሺህ ጥንዶች ያሉበት ደሴት ነው፤ ከምድር ሥርም ከሰማይም በሚመጣ ጩኸት መሃል ስትቆም ካሜራህን ትረሳዋለህ።

ፎቶ የግድ ካልክ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባሕሩ ላይ ፈልጋቸው። እስኪጨልም ድረስ በሺዎች ሆነው ውሃው ላይ ተኮልኩለው ይቆያሉ፤ ከጀልባ ላይ ያለ ፍላሽ ይነሳሉ።

ስታያቸው ይህን አስብ። እ.ኤ.አ. በ1952 አጠገቡ ካለው ስኮክሆልም ደሴት አንዲት ሺርዋተር በአውሮፕላን አሜሪካ ወዳለችው ቦስተን ተወስዳ ተለቀቀች። በ13 ቀን ውስጥ፣ ወደ 4,900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውቅያኖስ አቋርጣ ጉድጓዷ ገባች። መለቀቋን የሚናገረው ደብዳቤ የደረሰው ከእሷ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጀልባ ላይ ጨዋማ ውሃ ሌንሴ ላይ ተረጨ። በልብሴ ልጥረገው?

መልስ፦ በፍጹም። ጨው ሲደርቅ ይቧጭራል። በንጹሕ ውሃ ረጠብ ባለ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርገሽ፣ ከዚያ በደረቅ። ሌንሱን ጀልባው ብረት ላይ አታስደግፊው፣ የሞተሩ ንዝረት ፎቶውን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ጉዞ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ብርቅ የሆነ የባሕር ወፍ ማየት እፈልጋለሁ። የትኛውን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ ጋላፓጎስ እንድልዎ ጠብቀው ይሆናል። እግሯ ሰማያዊ የሆነችው ቡቢ እዚያ አለች፣ መብረር የተወው ኮርሞራንትም። ድንቅ ናቸው። እኔ ግን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችውን ቤርሙዳን እላለሁ፣ ካሃው ለምትባለው የባሕር ወፍ ስል። ከ300 ዓመት በላይ ጠፍታለች ተብላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ጥቂት ጎጆዎች ትንንሽ ቋጥኝ ደሴቶች ላይ ተገኙ። ያን ቀን ከተመራማሪዎቹ ጋር ዴቪድ ዊንጌት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ለእሷ ሰጠ። ሰው ሠራሽ ጉድጓድ ሠራላት፣ ጎጆዋን ከሚነጥቋት ወፎች ጠበቃት፣ ኖንሳች የምትባለውን ደሴት ዛፍ በዛፍ አለማ። 18 ጥንድ ብቻ የነበሩት ዛሬ ከ150 ጥንድ በላይ ሆነዋል።

ጎጆዎቹ ያሉባቸው ደሴቶች ላይ እንደልብ አይወጣም፣ ባይወጣም ደግ ነው። በኖቬምበር ግን ሲመሻሽ ጥንዶቹ ባሕሩ ላይ እየተሳደዱ ይበራሉ፤ ያኔ ከጀልባ ይታያሉ። ብርሃኑ ትንሽ ነውና አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ያድርጉት፣ የሚርገበገብ ጥቁር ጥላ ቢወጣልዎትም አያጥፉት። ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ከጉድጓዱ ውስጥ በቀጥታ የሚተላለፈውን የካሜራ ሥርጭት ኢንተርኔት ላይ ይመልከቱ። እንቁላሉ በጃንዋሪ ይጣላል፣ ጫጩቷ በማርች አካባቢ ትወጣለች፤ ግራጫ የጥጥ ኳስ ትመስላለች።