ከቶኪዮ ወጣ ብለን ፀሐይና ገጠር የት እናገኛለን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ከእማዬ ጋር ጃፓን እንሄዳለን፣ ከቶኪዮ በኋላ አራት ቀን ይተርፈናል። ሰው የማይጋፋበት፣ ፀሐይ ያለበት፣ ታሪክም ምግብም የሚገኝበት ገጠር ብናይ ደስ ይለናል። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ ጥሬ ዓሣ አትነካም። የት ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ኦካያማ ሂዱ እህቴ። ብዙ መንገደኛ ኦካያማን የሚያውቃት ባቡር ሲቀይርባት ብቻ ነው፣ ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። ጃፓኖች «የጠራ ሰማይ አገር» ይሏታል። በሰሜን የቹጎኩ ተራሮች፣ በደቡብ ደግሞ ከባሕሩ ማዶ የሺኮኩ ተራሮች ዝናቡን ከሁለት በኩል ይይዙላታል። ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅባችሁ ነው።

ማደሪያችሁን ግን ኩራሺኪ አድርጉት፣ ከኦካያማ በተራ ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ድሮ የሩዝ ነጋዴዎች ሰፈር ነበር፤ ነጫጭ ጎተራዎቹ ከነቦያቸው አሁንም አሉ። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለእናትሽ ጉልበት ይመቻል። ሲመሽ የቀን ጎብኚው ይሄድና ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ እዚያው እደሩ የምልሽም ለዚህ ነው። በ1930 የተከፈተው የኦሃራ ሙዚየም አለ፣ ሰኞ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ኤል ግሬኮ የሣለው የገብርኤል ብሥራት እዚያ ተሰቅሏል። እናትሽ ጃፓን ገጠር ውስጥ እመቤታችንንና መልአኩን ሲያዩ ፊታቸውን ባየሁት!

አንዱን ቀን ሙሉ በሸክላዋ ለታወቀችው ለቢዜን ስጡ። ኢንቤ ጣቢያ ወርዳችሁ ዞር ዞር ስትሉ ከየጣሪያው በላይ የጡብ ጭስ መውጫ ታያላችሁ፣ ሁሉም የሸክላ ሠሪ ቤት ነው። የቢዜን ሸክላ ቅብ የለውም። በቀይ ጥድ እንጨት ከሳምንት በላይ ሌት ተቀን ይቃጠላል፣ ቀለሙን የሚሰጡት አመዱና ነበልባሉ ናቸው፣ ስለዚህ ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ስኒዎች አታገኙም። ከጀበና ጋር ላደገ ሰው እጅ ላይ ሲይዙት የሚሰማው ነገር አለ። ከዚያ ታክሲ ይዛችሁ ሺዙታኒ ሂዱ። የአካባቢው ገዢ ኢኬዳ ሚትሱማሳ በ1670 ለተራው ሕዝብ ልጆች ያስከፈተው ትምህርት ቤት ነው። የ1701ዱ አዳራሽ አሁንም ቆሟል፣ የጣሪያው ክዳንም የቢዜን ሸክላ ነው። ደጁ ላይ ሁለት ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ እናንተ በምትሄዱበት ሰሞን አንዱ ይቀላል፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል። ይሄ እንዳያመልጣችሁ።

ታካሃሺ ከተማ፣ ተራራ ላይ ያለው የቢቹ ማትሱያማ ግንብ ዳገቱ ይበዛል፣ እናትሽን አታድክሚያቸው። በማለዳ በታክሲ ፊት ለፊት ወዳለው ማያ ቦታ ውጡ። ጉም ከተኛ ግንቡ ከደመና በላይ ተንሳፍፎ ይታያል።

አሁን ወደ ምግቡ። የአካባቢው ዝነኛ ምግብ ባራዙሺ ነው፣ ሩዝ ላይ ብዙ ነገር ተደርድሮበት የሚቀርብ። እንደሚተረከው ያው ገዢው ኢኬዳ ሕዝቡን «አንድ ሾርባ፣ አንድ ወጥ ይበቃችኋል» ሲል ሰዉ ዓሣውንና አትክልቱን ሩዝ ውስጥ ደበቀ ይባላል። በጣም ይጥማል፣ ግን ሽሪምፕና እባብ መሳይ ዓሣ አይጠፋበትም። ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ካትሱ የሚባለው ጥብስም ኦካያማ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። በጾም ቀን ደግሞ የሚያታልለው መረቁ ነው። ኑድሉ ላይ አትክልት ብቻ ብታዩም መረቁ የሚወጣው ከደረቀ ዓሣ ነው። «ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም ወይ?» የሚል ጽሑፍ በጃፓንኛ አሠርተሽ ያዢ፣ ማደሪያችሁንም ስትይዢ ያኔውኑ ንገሪያቸው። ነጭ ሩዝ፣ ቶፉና ፍራፍሬ የትም አይጠፋም።

ፍራፍሬ ካነሳን፣ ነጩ ኮክ አያገኛችሁም፣ ጊዜው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ገበሬው ፍሬውን አንድ በአንድ በወረቀት ከረጢት እየሸፈነ ነው የሚያሳድገው። ወይኑ ግን ገና ይኖራል። ሻይን ማስካት የሚባለውን አረንጓዴውን ግዢ፣ ከነልጣጩ ይበላል፣ ውስጡ ዘር የለውም። ዋጋው ይወደዳል። አንድ ዘለላ ለሁለታችሁ ይበቃል፣ ቦዩ ዳር ተቀምጣችሁ ብሉት።