መልስ፦ የወፍራም ሰው የወገብ ራጅ ለምን ይደበዝዛል?

ሰላም ወንድሜ። ሐዋሳ ክሊኒክ ውስጥ ወፍራም ታካሚ ሲመጣ የጎን የወገብ ራጁ ግራጫ ይሆንብኛል፣ ኬቪውን (ጨረሩ ምን ያህል ዘልቆ እንደሚገባ የሚወስነውን ቮልቴጅ) ልጨምር ወይ ብለሃል፤ ስለ ሲቲም ጠይቀሃል። ቆይ፣ መጀመሪያ እሱን አትንካው።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተበታተነ ጨረር ነው። ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ገብቶ አቅጣጫውን ይስታል፤ ከዚያ ምስሉን ግራጫ ያለብሰዋል። ጠዋት ሐይቁ ላይ የሚተኛውን ጭጋግ አስብ። ኬቪ ስትጨምር ደግሞ ንፅፅሩ (የጥቁርና የነጩ ልዩነት) ጭራሽ ይቀንሳል።

ኮሊሜተሩን፣ ማለትም ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፋት የሚወስነውን መክፈቻ፣ አጥብበው። አከርካሪው ከገባ ይበቃል። እኔ ስጀምር «የሆነ ነገር እንዳይቆረጥብኝ» ብዬ ሆዱን በሙሉ እከፍት ነበር፤ የሚወጣው ምስል ሊጥ ነው የሚመስለው። ከታካሚው ጀርባ ጠረጴዛው ላይ የሊድ (እርሳስ ያለበት፣ ጨረር የሚያስቀር) ላስቲክ ብታነጥፍም ብዙ ለውጥ ታያለህ። ግሪዱንም (ከምስል መቀበያው ፊት ሆኖ የተበታተነውን ጨረር የሚያስቀረውን ወንፊት) እይ። ተገልብጦ ከገባ የምስሉ ሁለት ጎኖች ይነጣሉ።

ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ከመሰለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጨረሩ አንሷል፣ ኤምኤኤስ (የጨረሩን መጠን) ጨምር። ግን ተጠንቀቅ፤ ዲጂታል ማሽን ጨረር ሲበዛም ምስሉን አሳምሮ ያወጣልሃል። ታካሚው ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ከዐይንህ ይልቅ የኤክስፖዠር ኢንዴክሱን፣ ማሽኑ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰው የሚያሳየውን ቁጥር፣ እመን።

ሲቲውን (ሰውነትን በስስ ቁራጭ ምስሎች የሚያሳየውን የራጅ ማሽን) በተመለከተ፣ ኖይዙን (ያንን አሸዋ መሰል ነገር) በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ለታካሚው በጣም ውድ ነው! ከዚያ በፊት የ1 ሚሊሜትሩን ስላይስ (የምስል ቁራጭ) ወደ 5 ሚሊሜትር አወፍረህ እየው። ጥቃቅን ነገር ይደበቅብሃል እንጂ ለሆድ ምስል ጥሩ ይሠራል።