መጽሐፍሽን «ወረቀት» ብለሽ እንዳታስመዘግቢ

እታለም ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ከጎንደር ወደ ሀዋሳ ተዛውሬ ልሄድ ነው፣ መጽሐፎቼንና ፊልሞቼን ልሽጥ ወይስ ይዤ ልሂድ ነው ያልሽው አይደል። ከላይ በኮሜንት «ሽጪና እዛ ትገዣለሽ» ያሉሽን አትስሚያቸው፣ እነሱ ቤት ያለው መጽሐፍ የልጆቻቸው ደብተር ብቻ ነው መሰለኝ (ይቅርታ)። እኔ የመንገድ ሥራ ሰርቬየር ነኝ፣ ፕሮጀክት ባለቀ ቁጥር ዕቃዬን እየጠቀለልኩ መተማ ብትይ ጅማ ብትይ ድሬዳዋ ብትይ ያልኖርኩበት የለም፣ አሁን እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

1ኛ. ክረምት ላይ መጽሐፍ በአውቶቡስ አትላኪ። ግድ ከሆነብሽ ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫን፣ ረዳቱ «ሸራ አለን» ቢልሽም እንዳታምኚው። ሸራው አለ፣ ግን ቀዳዳ ነው።

2ኛ. ደረሰኙ ላይ የዕቃውን ስም በትክክል አስጽፊ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በ2005 ሐምሌ ወደ ጅማ ስቀየር ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ መጽሐፍ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ልጁ «ምንድነው?» ሲለኝ መጽሐፍ ካልኩት ያስከፍለኛል ብዬ «ያው ወረቀት ነው» አልኩት፣ እሱም «ያገለገለ ወረቀት፣ 3 ማዳበሪያ» ብሎ ጻፈና ትንሽ ብር ቀነሰልኝ። አራዳ ሆኜ ሞቻለሁ በዛ ሰዓት። ከዛ ከጎንደር አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ወርዶ ሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ጅማ ደግሞ 350 ገደማ፣ ይሄን ሁሉ ዝናብ ሲወርድበት ነው የሄደው። በአምስተኛው ቀን ልቀበል ስሄድ ማዳበሪያዎቹ ስር ውሃ ኩሬ ሠርቷል።

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ቆሎ እየቆረጠመ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። አልጠፋም፣ በሰበሰ አልኩት። ደረሰኙን ተቀበለኝና «ምን ይላል እዚህ ጋ? ያገለገለ ወረቀት። ያው ወረቀትህ» ብሎ መልሶ ሰጠኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ የላከውን ቢሮ ጠይቅ አለኝ፣ ጎንደር ስደውል የተቀበለውን ጠይቅ አሉኝ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ የባሰው ደግሞ ሰውየው ልክ መሆኑ ነው፣ በገዛ አፌ ነዋ ወረቀት ያልኩት።

ውስጡ የአባቴ መጽሐፍ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብወለድ ነበረ። አባቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው በደመወዙ የገዛው፣ ገጸ ባሕሪው ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን ቦታ ሁሉ በቀይ እስክርቢቶ አስምሮበታል። ቀዩ ቀለም ወደ ሌላው ገጽ ፈስሶ መጽሐፉ እንደ ዳቦ አብጦ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ከገጠመሽ ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ይጠማዘዛል። በየገጹ መሀል ሶፍት አስገብተሽ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አቁመሽ፣ ሶፍቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ግን የጅማ ክረምት የት ያደርቃል። አከራዬ እማማ አዝነውልኝ ቡና ባፈሉ ቁጥር ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡልኝ ነበር፣ እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ «እስቲ የሚለውን አንብብልኝ» ማለት ጀመሩ፣ ወጋየሁን አልሆንም እንጂ እስከ መስከረም ጨርሼላቸዋለሁ። መጽሐፉ ዛሬም ሲገለጥ ጭስና ቡና ይሸታል።

3ኛ. ፊልም። ሲዲዎቼ እዛው ማዳበሪያ ውስጥ ነበሩ ምንም አልሆኑም፣ ሽፋናቸው ግን ገንፎ ሆኗል። አሁን ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ ሁለት ቦታ ነው የማስቀምጠው፣ አንዱ ሁሌ ትከሻዬ ላይ ካለው ቦርሳ አይወርድም። አዲስ ከተማ የገባሁ ቀን ማታ ፍራሽ እንኳ ሳልዘረጋ የማየው የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ጤዛ»ን ነው። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም (እሱም አለበት አልዋሽሽም)። የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብር ከጀርመን ተምሮ እናቱ ቤት ሲመለስ ሰዉ ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል አይደል፣ ያንን ድሬዳዋ ሆኜ ሳየው ፊልም ነበር፣ አዘዞ ተመልሼ ጎረቤቱ ሁሉ «መጣህ? መቼ ነው የምትሄድ?» ሲለኝ ግን አጥንቴ ድረስ ገባኝ። አንቺም ሀዋሳ ይዘሽው ሂጂ።

4ኛ. መሸጥን በተመለከተ የዩኒቨርሲቲ ሃንዳውትሽን ሽጪ፣ ሌላውን እንዳትነኪ። እኔ ድሬዳዋን ስለቅ ጭነት ልቀንስ ብዬ የበዓሉ ግርማን ልብወለድ «ኦሮማይ»ን፣ የ1975ቱን የመጀመሪያውን እትም፣ በአንድ ምሳ ዋጋ ሸጥኩት። ያ መጽሐፍ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል፣ በዓሉ ግርማም በዓመቱ እንደወጣ ቀረ፣ ስለዚህ የት አግኝቼ ልተካው። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ በሄድኩ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ ያሳዩኝ ሁሉ የኋላ እትም ነው።

5ኛ... ረሳሁት፣ አዎ፣ ማዳበሪያ ተዪ። የዘይት ካርቶን ትንሽ ስለሆነ ለማንሳትም አይከብድ፣ መጀመሪያ በላስቲክ ጠቅልለሽ ነው የምትከቺው። መቼ ነው ግን የምትሄጂው? ከመስከረም በኋላ ከሆነ ጥሩ። አዘዞ አካባቢ ካለሽ አራት ባዶ ካርቶን አለኝ፣ በውስጥ አውሪኝና መጥተሽ ውሰጂ።