ማዳጋስካር ላይ እስስት ፍለጋ፦ ጥያቄና መልስ

ሁለት የዝናብ ወቅት ማዳጋስካር ላይ ተሳቢ እንስሳትን ስፈልግ ከርሜ ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ያገኛችሁትን እንስሳ አትንኩ፤ የተኛበትን ቅርንጫፍም አትስበሩ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እስስት የሚፈለገው ሌሊት ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ቀን አጠገቧ ቆማችሁ አታዩአትም፤ ስትራመድ እንኳ ነፋስ እንደነካው ቅጠል እየተወዛወዘች ነው። ሲመሽ ግን ቀለሟ ይነጣል። ባትሪውን ግንባራችሁ ላይ አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በጨለማው ቅጠል መካከል ነጣ ያለች ነገር ታያላችሁ፤ ጅራቷን ጠቅልላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ። እባብ ቢመጣ ጫፉ ተነቃንቆ ይቀሰቅሳታል። ብሩኬዢያ የሚባሉት ድንክዬዎች ቀን የረገፈ ቅጠል ውስጥ ይውሉና ሲመሽ ትንሽ ከፍ ብለው ያድራሉ፤ ከጉልበት በታች ፈልጓቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ ያወቃት የብሩኬዢያ ናና ወንድ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እግራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት መሬቱን እዩ! በብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ የሌሊት ጉዞ ስለማይፈቀድ ፍለጋው ከመሪ ጋር በመንገድ ዳር ነው።

ከሞላሌ፦ ስለ እንስሳቱ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ስለ የትኞቹ? ከዓለም የእስስት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እዚያ ናቸው። ጥያቄውን አጥብቡት።

ከመንዝ፦ እዚሁ መንዝ፣ ጓሳ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እያለ ባሕር መሻገር ለምን አስፈለገ?

ከአንኮበር፦ ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ ደሴቱ ነው።

ከመንዝ፦ ጓሳን ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩልን አባቶቻችን ናቸው። እሱም ይነገር እንጂ።

ከአንኮበር፦ የእኛም ወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ማን ካደ?

መልስ፦ ጓሳን እኔም እወደዋለሁ፤ ብርዱ ግን ለተሳቢ እንስሳት አይመችም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እስስት መርዝ አላት? ቀለሟንስ የምትለውጠው ለመደበቅ ነው?

መልስ፦ መርዝ የላትም። ቀለሟን በአብዛኛው የምትለውጠው ስትቆጣ፣ ስትፈራ፣ ተጓዳኝ ስትፈልግ ወይም ሙቀት ሲለዋወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የማዳጋስካር እስስት ላይ የታተመ ጥናት በቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉና እነሱ ሲራራቁና ሲቀራረቡ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚለወጥ አሳይቷል። ስለ እባብም ልጨምር፦ እዚያ እፉኝትም ኮብራም የለም። እባብ ሳይፈሩ የመራመድን ልማድ ግን ወደ ቆላችን ይዛችሁ እንዳትመለሱ። የእኛ እፉኝት ኮቴ ሰምታ አትሸሽም፤ አፈር መስላ ትተኛለች።

ከደብረ ብርሃን፦ ለወባ የትኛውን መድኃኒት እንያዝ?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቁ።

ከሸዋ ሮቢት፦ አንዷን ይዞ መምጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ዓለም አቀፍ ስምምነት ይጠብቃቸዋል። አትንኩ ብዬ ነበር።

ከሞላሌ፦ እሺ፣ በየትኛው ወር እንሂድ?

መልስ፦ የዝናብ ወቅት ብዬ ጀምሬ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ከጥር ወዲህ ግን ከባድ አውሎ ነፋስ አለና ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ። እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እዚያ ብርድና ድርቅ ስለሆነ ብዙዎቹ አይታዩም። እስከዚያው ማታ ማታ በግቢያችሁ አጥር ላይ ዓይናችሁን አለማምዱ፤ አንድ እስስት እንዳገኛችሁ ባትሪውን ቶሎ ከላይዋ አንሱላት፣ ትተኛ።